ዳቦው ሳይቆረስ ድርሳኑ ይነበባል

«የማንበብ ባህል የለንም» የሚለው ወቀሳ ከጋዜጣ ዓምድ እስከ መጽሐፍ ምረቃ መድረክ ሳይሰለች ይደጋገማል። ወቀሳው የሚቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ለብቻው ተቀምጦ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ በዓመት ስንት መጽሐፍ ጨረሰ የሚለውን። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ መካነ ሰላምን ይዞ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላ፣ ለጋምቦና አማራ ሳይንት፣ ወዲያም እስከ ተንታና መቅደላ አምባ ድረስ ያለው አገር፣ ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኖ ይወጣል። ይሁንና ይኸው አገር አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ያህል ደራሲ ያፈራ፣ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ መጽሐፍ የሚሰማበት ቀን የቆረጠ፣ ስለ ሰማው ነገርም ሲከራከር የኖረ አገር ነው። ታሪኩና ሚዛኑ ካልተገናኙ መጠርጠር ያለበት ሚዛኑ ነው። በዚህ ደጋ ንባብ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ አንባቢ፣ ሰሚና ደጋሽ ሦስቱ ተባብረው የሚያቆሙት ጉዳይ ነበር። ሰው ስለ መጽሐፉ የተሰማውንም ለኋላ አያሳድርም፣ እዚያው ይናገረዋል። በኋላ ዘመን የላላው የመጽሐፍ ፍቅር አይደለም፤ እነዚህን ሦስቱን ያያያዘው ሥርዓት ነው።

ከደራሲው እንጀምር። አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ተወልዶ በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረ፣ በቦረና ምድር ባለው በጋስጫ ስሙ የቀረ ሊቅ ነው። መጽሐፈ ሰዓታትን፣ አርጋኖንን፣ ውዳሴ መስቀልን፣ ኆኅተ ብርሃንን፣ በ1424 እ.ኤ.አ. የተፈጸመውን መጽሐፈ ምሥጢርንም ጽፏል። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለብቻ ንባብ ብቻ ተብሎ የተጻፈ የለም ማለት ይቻላል። ሰዓታት በሌሊት በማኅበር የሚደርስ ነው። መጽሐፈ ምሥጢር እንኳ፣ መናፍቃንን በክርክር የሚረታ ጥልቅ የነገረ መለኮት መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ ምዕራፎቹ በየበዓላቱ እንዲነበቡ ተደልድለው የተሰናዱ ናቸው። ዛሬ አንድ ምሁር እንዲህ ያለውን ሥራ ቢጽፍ ለባልደረቦቹና ለቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይጽፈው ነበር። የጋስጫው ሊቅ ግን ክርክሩን ራሱ ለጉባኤ ጆሮ አበጀው። ደራሲ ሰሚውን እያሰበ ከጻፈ የሰሚው መኖር የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው።

የብራናውን መጽሐፍ ራሱን ቀርቦ ማየትም ይህንኑ ይመሰክራል። ብዙ ያገለገለ ተአምረ ማርያም ወይም ድርሳነ ሚካኤል ሲገለጥ የቅጠሎቹ ታችኛው ጥግ ከጣት ወዝ የተነሣ ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም የጧፍ ሰም ጠብ ብሎበት ይገኛል። በቅጠሉ ዳር ላይ ቀይና ሰማያዊ ክር ተሰፍቶ ይታያል፤ አንባቢው በሕዝብ ፊት ቆሞ ቅጠል ሲያገላብጥ እንዳይዘገይ የዕለቱን ንባብ የሚያሳይ ምልክት ነው። በላይኛው ኅዳግ ዘኅዳር፣ ዘታኅሣሥ እያለ የወሩ ድርሻ ተጽፏል። በየተአምሩ መጨረሻ የባለመጽሐፉ ስም በቀይ ቀለም ገብቶ በረከት ይለመንለታል። ታዲያ ብዙ ጊዜ ያ ስም በምላጭ ተፍቆ፣ ብራናው እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶና ሻክሮ፣ የሌላ ሰው ስም በሌላ እጅ ጽሑፍ ተጠጋግቶ ገብቶበት ይገኛል። የዘመናችን ሰው ይህን እንደ ሌብነት ያየው ይሆናል፤ አንዳንዱም በእርግጥ ሌብነት ነው፣ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዘው ግዝትም ያለ ነገር አልተጻፈም። ነገር ግን ማንም ሰው ስሙን በማይነበብ መጽሐፍ ውስጥ ለማስገባት አይደክምም። ስሙ በየወሩ በሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ እንደሚጠራ ስለሚያውቅ ነው የሚፍቀው።

ይህን የመስማት ልማድ በአዋጅ ያጠነከረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በ1434 እና በ1468 እ.ኤ.አ. መካከል በነገሠበት ዘመን ተአምረ ማርያም በየሰንበቱና በበዓላቷ እንዲነበብ ደነገገ። ከመጽሐፉ ፊት የሚነበበው ሥርዓትም ሰሚው እንዴት ቆሞና ሰግዶ እንደሚያዳምጥ ይደነግጋል። እዚህ ላይ ንጉሡ ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን ሥልጣኑንም እያጠናከረ እንደነበር መካድ አያስፈልግም። ንባብ በአዋጅ ሲታዘዝ የሚያስከትለው ጣጣም አለ፤ እመለስበታለሁ። ለጊዜው የሚበቃን ግን ይህ ነው፤ ከ500 ዓመት በፊት በዚህ አገር አንድ ተራ ገበሬ በሳምንት አንድ ጊዜ መጽሐፍ ሲነበብ እንዲሰማ ግዴታ ነበረበት። በዚያው ዘመን ይህን ያህል ንባብ ለተራ ገበሬ ያደረሰ አገር ብዙ አይመስለኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ንባቡን ሲያዝ ማዕዱን ያዘጋጀው የጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞች በመረጡት ቅዱስ ወርኃዊ በዓል፣ ለሚካኤል በ12፣ ለማርያም በ21፣ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛዋ ወይም ተረኛው ከቀናት በፊት ሥራ ይጀምራል፤ ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅል ይፈጫል፣ አሻሮ ይቆላል፣ ጥንስሱ ይጣላል። ለጋምቦንና ሳይንትን በመሰለው ብርዳማ ደጋ ጠላው የገብስ ነው። ድፎው ተጋግሮ በሰፌድ ይቀርባል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ የዕለቱን ድርሳን ወይም ተአምር አንብቦ፣ በአማርኛ ዘርዝሮ ካስረዳ በኋላ ነው ዳቦው ተባርኮ የሚቆረሰው። ከዚያ ጨዋታው ይደራል፤ የተነበበው ተአምር ከጎረቤት ነገር፣ ከድንበር ክርክር፣ ካልተከፈለ ዕዳ ጋር እየተያያዘ ይተነተናል። በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሸጋገራል። ሴቶች የየራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ በወንዶቹም ማኅበር ቢሆን ድግሱ ያለ እነሱ አይቆምም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በወር አንድ ቀን ቤቷን ለመጽሐፍ ከፍታ፣ ያነበበውን አብልታ፣ የሰማችውን ስትመረምር ታመሻለች። ይህቺን ሴት «የማንበብ ባህል የላትም» ብሎ ለመመዝገብ ድፍረት ይጠይቃል።

በሙስሊሙም ቤት ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ወሎ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖሩበት አገር ነው፤ የንባቡ ሥርዓትም ተመሳስሏል። ሼሁ ኪታቡን በዐረብኛ ያቀራል፣ በአማርኛ ይተረጉማል። በመውሊድና በሐድራ ጊዜ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እየዞረ፣ በአማርኛ የተገጠመና በዐረብ ፊደል የተጻፈ መንዙማ ይዜማል፤ ታዳሚው ተቀብሎ ያዜማል። ደረሳውም የቆሎ ተማሪውም የሚኖሩት በመንደሩ እጅ ነው። አንዱ ለሼሁ እየታዘዘ፣ ሌላው አኩፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ደጅ ለደጅ ሲዞር፣ ፊደል የማያውቀው ገበሬ ቁራሽ እንጀራ እየሰጠ የአንባቢን ትምህርት ይከፍል ነበር። ስለዚህ ምግቡ ለመጽሐፉ የተጨመረ ማጣፈጫ አይደለም። ያለ እሱ አንባቢ አይወጣም፣ አንባቢ ከሌለም መጽሐፉ ከማኅደሩ አይወጣም።

ነገሩ የእኛ ብቻ ነው ብሎ መኩራራት ግን አይገባም። በኩባ ዋና ከተማ ሃቫና በ1865 እ.ኤ.አ. በኤል ፊጋሮ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ አንባቢ ቀጠሩ። እሱ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ልብ ወለድና ጋዜጣ ያነባል፣ እነሱ ትንባሆ እየጠቀለሉ ይሰማሉ። መንግሥት ነገሩ ስላሰጋው በዓመቱ ከለከለው፤ ልማዱ ግን ተመልሶ ሥር ሰደደ። ሠራተኞቹ ከወደዷቸው መጻሕፍት ስም የወጣላቸው ሲጋራዎች ዛሬም ይሸጣሉ። የሃቫናው ሠራተኛና የሳይንቱ ማኅበርተኛ የሚለያዩበት ብዙ ነው፤ የሚገናኙበት ግን ዋናው ላይ ነው። አንባቢውን የሚቀልበው ሰሚው ከሆነ ሰሚው ባለ መብት ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። መጽሐፉ ግእዝ ነው፣ ኪታቡ ዐረብኛ ነው፤ የማይገባን ቋንቋ ቆሞ መስማት ንባብ ይባላልን? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ብዙ ሰሚ ብዙውን ጊዜ ዜማውን እንጂ ቃሉን አልያዘም፤ ለበረከት የቆመም ለጠላው የመጣም ነበር። ቢሆንም ትርጓሜው አብሮ ይሄድ ነበር። የአብነት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሰጠው በአማርኛ ነው፤ ያውም ሊቁ ለሊቅ በሚናገረው አማርኛ ሳይሆን በሬ፣ ቀንበር፣ አውድማና የባላገር ሙግት በሞሉበት አማርኛ። በጽዋውም ካህኑ አንብቦ ዝም አይልም፤ ይተረጉማል። ለጠላ የመጣው ሰውስ? ተርቦ የመጣን ሰው ድርሳን እስኪያልቅ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ካለ ሥርዓቱ ጎበዝ ነው እንጂ ደካማ አይባልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። መስማት አለ እንበል፤ ሐሳብ መስጠትስ? ቆመህ ስማ፣ ስገድ በተባለበት ቦታ «ይህ መጽሐፍ አላሳመነኝም» የሚል ማን ነው? እውነት ነው፣ ተአምረ ማርያምን በአደባባይ የነቀፈ አልጋ ላይ አይተኛም ነበር፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተከራከሩት ደቂቀ እስጢፋኖስ የደረሰባቸውን መከራ የሚያውቅ ይህን አይክድም። የአዋጁ ጣጣ ያልኩት ይህንን ነው። ነገር ግን ፍርድ የሚሰጥባቸው ሁለት ሌሎች ቦታዎች ነበሩ። አንደኛው ቅኔ ቤት ነው። በሰሜን በኩል ዋድላ፣ ከዓባይ ማዶ ጎንጅና ዋሸራ፣ ይህን ደጋ ከሁለት ወገን የከበቡት ታላላቅ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ተማሪው ሌሊቱን ሲቆጥር ያደረውን ቅኔ ለመምህሩና ለጓደኞቹ ያሰማል፤ ከተበላሸ እዚያው ይታረማል፣ ከሠመረ ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። ቅኔ አይደገምም፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ይዞ የመጣ ያፍራል። ስለዚህ ሰሚው ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይፈርዳል፣ ፍርዱም ወዲያው ነው፣ ፊት ለፊት ነው። ዛሬ ደራሲ ተቺ የለም ብሎ ሲያማርር ይሰማል፤ ቅኔ ቤት ግን ተቺ ያልነበረ ተማሪ አልነበረም።

ሁለተኛው የፍርድ ቦታ የትርጓሜ ጉባኤ ነው። አንድምታ ለአንድ ንባብ አንድ ፍቺ ሰጥቶ አይዘጋም፤ ሌላውን ያስከትላል፣ ሌላውንም፤ ሐተታ ይጨምራል፣ ታሪክ ያመጣል። በጎንደር ዘመን፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ እስከ መከፈል ደርሷል፤ የታች ቤቱ ትውፊት መምህር ኤስድሮስን ያስታውሳል። እኔ እንደማየው አንድምታ የአንባቢዎች አስተያየት መዝገብ ነው። ልዩነቱ እያንዳንዱ አስተያየት ስም የሌለው መሆኑ ነው፤ የተናገረው ሰው ተረስቶ የተናገረው ቀርቷል። እርግጥ ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ነው፣ ገበሬው አልገባበትም የሚል ካለ ግማሽ እውነት ይዟል። ግማሹን ብቻ ያልኩት ከጉባኤው የወጣው ደብተራና ቄስ ተመልሶ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ጽዋው ስለሆነ ነው፤ የለመደውን «እንዲህም ይባላል» አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ሰሚና መጽሐፍ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚሁ ደጋ ሳንወጣ መቅደላ ላይ መቆም ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ብዙውን ጊዜ ታሪኩን ከእንግሊዞች መጀመር ይቀናናል፤ ግን የጎንደር ሰሚዎች መጽሐፋቸውን መጀመሪያ ያጡት በገዛ ንጉሣቸው ጉልበት መሆኑ መነገር አለበት። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ምርኮ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ በቦታው ነበር፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ ተመዝግበዋል።

«እዚያ በመሄዳቸው ከእሳትና ከምስጥ ተረፉ» የሚለው ክርክር ይታወቃል። ባዶ ክርክር አይደለም፤ ይህ ምድር በ1531 እ.ኤ.አ. የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ቃጠሎ ያየ ምድር ነው። ችግሩ ተረፈ የምንለው ምን እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው። ብራናው ተርፏል፣ ቀለሙ ተርፏል፣ ለሊቃውንት ምርምር የሰጠው ጥቅምም ትልቅ ነው። የንባብ ቦታ የሚያሳየው ክር ግን ለንደን ውስጥ ማንንም ወደ ዕለቱ ንባብ አይመራም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህ ገብቷቸው ነበር። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስ ሲጠይቁ፣ ያቀረቡት ምክንያት የመጽሐፉ ውበት ወይም ጥንታዊነት አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሕግ በውስጡ ስላለ ያለ እሱ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም የሚል ነበር። መጽሐፉም ተመለሰላቸው። የንጉሡ ክርክር የፖለቲካ ነው፤ ሆኖም ከክርክሩ በታች ያለው እምነት የጽዋ ማኅበርተኛው እምነት ነው፤ መጽሐፍ የሚሠራው ሰሚው ባለበት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት ቤት ሰሚውን አንባቢ ሊያደርገው ተነሣ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየቀበሌው ጎልማሶችን ከፊደል ገበታ ፊት አስቀመጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ያንን ድካም የሚያጣጥል አይገኝም፣ እኔም አላጣጥልም። ያልታሰበበት ነገር ግን ፊደሉን የያዘው ሰው ከዚያ ወዲያ ከማን ጋር እንደሚያነብ ነው። መንግሥት አንባቢ ሠራ፤ ደጋሽ አልሠራም። በከተማ የቀረው የመጽሐፍ ድግስ ምረቃ ነው። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ሁለት ሦስት ምሁር ያወድሳሉ፣ ደራሲው ይፈርማል፣ ቆሎና ለስላሳ ይዞራል፤ ከታዳሚው ግን መጽሐፉን ያነበበ የለም፣ ገና ዛሬ ነው የሚገዛው። ድግሱ አለ፣ ጽዋውም ይዞራል፤ ድርሳኑ ብቻ አልተነበበም። ለፍትሕ ያህል በአዲስ አበባ ሚዩዚክ ሜይዴይን የመሳሰሉ ወገኖች አንብቦ መጥቶ የመከራከርን ነገር ለማስለመድ ደክመዋል። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ ግን፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለበትን መካነ ሰላምን ጨምሮ፣ ተማሪው መጽሐፍን የሚያውቀው በአብዛኛው የፈተና ዕዳ አድርጎ ነው።

ታዲያ ወደ ግእዝና ወደ ገብስ ጠላ እንመለስ እያልክ ነው ወይ ቢባል፣ አይደለም። ሥርዓቱ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ውጭም እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ታይቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ነው፤ ዋጋውንም ገጹንም የሚችል ገበሬ ጥቂት ነበር። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ቤት የተረኛ ቤት ሆነ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ አንባቢው ድምፁን ለፊታውራሪ መሸሻ አንድ፣ ለሰብለ ወንጌል ሌላ እያደረገ ያነባል፤ ክፍሉ ሲያልቅ ክርክሩ ይጀመራል፣ ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣም ይቆያል። የታሪኩ አገር ጎጃም ለቦረና ሰው ከዓባይ ማዶ ያለ ጎረቤት ነው፤ ባላባቱንም ጢሰኛውንም ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገም። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሰዎች ጉዱ ካሳ እብድ ነው ወይስ ከሁሉ ይልቅ ጤነኛው እሱ ነው በሚለው ላይ ተከራክረዋል፤ በዛብህን ሞኝ ያለው ነበር፣ ጥፋቱን ሁሉ በፊታውራሪው ላይ የጫነ ነበር፣ የለም ጥፋቱ የእናት የአባት ስለት ነው ብሎ የሞገተም ነበር።